የሂክሊንግ ጀልበኞችና ከውኃው ሥር የበቀለው ተክል

በምሥራቃዊ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ ግዛት፣ የአገሬው ሰው «ብሮድ» ብሎ የሚጠራቸው ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ተበታትነው ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ በስፋቱ ቀዳሚው ሂክሊንግ ብሮድ ነው። ዙሪያውን በሸምበቆ የታጠረው ይህ ሐይቅ በሕግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ሥፍራ ነው፤ በዳርቻውም አባላቱ በበጎ ፈቃድ የሚያስተዳድሩት አነስተኛ የባለ ሸራ ጀልባ ክለብ አለ። ጀልበኛውና የተፈጥሮ ጠባቂው በአንድ ውኃ ጎረቤት ሆነው ብዙ ዓመት ኖረዋል። ጉርብትናቸው ግን ያለ ክርክር አልዘለቀም።

እንዲህ ያሉ የእንግሊዝ ክለቦች አሠራር ዕድርን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፤ ከመዋጮው የሚበልጠው ግዴታ ግን ተራው ሲደርስ መገኘት ነው። በዚህ ሳምንት የተወዳደረ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሸራውን ጠቅልሎ ያስቀምጥና በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ተረኛ ይሆናል። አንዱ የውድድሩን መነሻ በጡሩምባ ያበስራል፤ ሌላው ሰዓት ይመዘግባል፤ ሌላው ሻይ ያፈላል። የጀልባ ማሰሪያው እንጨት ሲበሰብስ የሚጠግኑት፣ ልጆችን ስለ ነፋስ አቅጣጫ የሚያስተምሩት ራሳቸው አባላቱ ናቸው። በውድድሩም ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት የተወሰነ የማካካሻ ስሌት ስላለ፣ አሮጌና ዘገምተኛ ጀልባ ያለው ሰው ከአዲሱ ባለቤት ጋር ተወዳድሮ ሊያሸንፍ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ማኅበር ጥንካሬው የአባላቱ መምጣት ነው። ውኃው ላይ መውጣት ካልተቻለ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል፤ የሚመጣው ሲቀንስ ተራውን የሚሸፍን ይጠፋል።

ሐይቁ ራሱ የሰው እጅ ሥራ መሆኑ ለብዙዎች አስገራሚ ነው። ለዘመናት የተፈጥሮ ገጸ በረከት ተደርጎ ሲታሰብ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆይስ ላምበርት የተባለች የዕፅዋት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ጥናት ሌላ ታሪክ ተገለጠ። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ገበሬዎች ደርቆ እንደ ማገዶ የሚነደውን የረግረግ አፈር ለትውልዶች ሲቆፍሩ ኖረዋል፤ ኋላም የባሕሩ ከፍታ ሲጨምር ጉድጓዶቹን ውኃ ዋጣቸው። ሐይቁ በአብዛኛው ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም የማይዘልቀው ስለዚህ ነው። በርካታ ጀልባዎችም ከሆዳቸው ሥር ወደ ውኃ የሚወርደውን ሳንቃ ወደ ላይ መሳብ እንዲችሉ ሆነው ተሠርተዋል።

ጥበቃውን በኃላፊነት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመው የኖርፎክ የዱር ሕይወት ባለአደራ ማኅበር ነው። ማኅበሩ መሬት የሚይዘው ለትርፍ ሳይሆን እስከ ወዲያኛው ተጠብቆ እንዲኖር ነውና፣ ሕጉ ሌላ ቢሆንም ለአንባቢያችን ቅርብ የሚሆነው ምሳሌ ወቅፍ ነው። የሚጠበቀው ሀብትም ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ከዚህ የረግረግ አገር በስተቀር የማይራባ ቢጫና ጥቁር ትልቅ ቢራቢሮ እዚህ ይበራል። ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በብሪታንያ መራባት አቁሞ የነበረው፣ አንገተ ረጅሙ ክሬን ወፍም እ.ኤ.አ. በ1979 ወደዚሁ አካባቢ ተመልሶ ቀስ በቀስ ጎጆ ሠርቷል።

የክርክሩ ሥር ያለው ግን ከውኃው በታች ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ እንዲሁም በሐይቁ ላይ በብዛት የሚያድሩ የባሕር ወፎች ኩስ ውኃውን ከመጠን በላይ አበለጸጉት። ውኃው ደፈረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ መርዛማ ረቂቅ አልጌ ዓሣዎችን በጅምላ ፈጀ፤ ከሐይቁ ወለል የሚበቅሉ ተክሎችም ጠፉ። ለጀልበኛው ይህ ጉዳት ብዙም አልታየውም፤ ተክል የሌለበት ውኃ ለሸራ የተመቸ ነውና።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ውኃው መጥራት ሲጀምር ካራ የተባለው የአልጌ ወገን ተመለሰ። ስሙ ከእኛው ካራ ጋር ቢገጥምም ስለት የለውም፤ ሆኖም ጀልባን አንቆ ማስቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 እና 1999 በሐይቁ ሰፊ ክፍል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ መሪውንና ሳንቃውን እየያዘ ጀልባን መላወሻ አሳጣው። በጣና ሐይቅ እምቦጭን በእጁ ሲነቅል የዋለ ወገናችን ነገሩን በተቃራኒው ሊረዳው ይገባል። እምቦጭ ከሌላ ዓለም የመጣ ወራሪ ነው፤ ካራ ግን ጥንትም በሐይቁ የነበረ፣ ዝርያውም በብሪታንያ ብርቅ የሆነ፣ መብዛቱ የውኃውን መዳን የሚያበስር ተክል ነው። ጀልበኞቹ ይታጨድልን አሉ፤ የተፈጥሮ ጠባቂዎቹ ሠላሳ ዓመት የጠበቅነው ይህንኑ ነው አሉ።

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሕጉም ቢሆን አንዱን መርጦ አላስቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው አዋጅ መሠረት ሐይቆቹን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን ሦስት ኃላፊነቶች ተሰጥተውታል፤ የተፈጥሮን ውበት መጠበቅ፣ ሕዝቡ በሥፍራው እንዲደሰት ማድረግ፣ የጀልባ ጉዞን መብት ማስከበር። በእኔ አስተያየት የአዋጁ ብልህነት ሰዎቹን ወደ ጠረጴዛ መግፋቱ ላይ ነው። አንዱ ወገን በሕግ የበላይ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ማዳመጥ ባላስፈለገው ነበር።

ከውይይቱ የተገኘው መፍትሔ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ያላረካ ነው። በምልክት እንጨት የተለየው የጀልባ መተላለፊያ በልኩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ተክል ይተዋል። ካራም በበኩሉ ለሰው ስምምነት አልተገዛም፤ ከ1999 በኋላ ሳይታሰብ ተመናምኖ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በአንዱ ዓመት ይበዛል፣ በሌላው ይሳሳል። ስለዚህ ንግግሩ አንዴ ተቋጭቶ የሚታተም ሳይሆን በየጊዜው የሚከፈት ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአቅራቢያው ባለው ባርተን ብሮድ «ገዳይ ሽሪምፕ» የሚል ቅጽል የወጣለት ወራሪ ፍጡር ሲገኝ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጨመረ። ይህ ፍጡር በእርጥብ ገመድና በጀልባ ወለል ተሸሽጎ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ይሻገራል። ጀልበኞች በመላ ብሪታንያ የሚነገራቸው ትእዛዝ ሦስት ቃል ነው፦ ፈትሽ፣ አጽዳ፣ አድርቅ። በሂክሊንግም ከሌላ ሐይቅ ጀልባውን ጎትቶ የመጣ እንግዳ፣ ሸራውን ከመዘርጋቱ በፊት ገመዱ መድረቁን ማረጋገጥ አለበት፤ ይህንንም የሚያስታውሰው የዕለቱ ተረኛ ነው።