የብራውዘራችን ሸክም

ብራውዘራችን ሲንቀራፈፍ የምንወቅሰው የኢንተርኔቱን መስመር ነው፤ ጥፋቱ ግን የሜሞሪ እጥረት ሊሆን ይችላል። ቀድሞ የተከፈቱት ገጾች ሁሉ በአንድ ፕሮሰስ ይሠሩ ስለ ነበር አንዱ ሲሰናከል ሌሎቹን ይዞ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጉግል ክሮም ገጾቹን በተለያዩ ፕሮሰሶች ከፋፈላቸው። በ2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰሮች ድክመት ይፋ ከሆነ በኋላም ክፍፍሉ በየድረ ገጹ እንዲሆን ተደረገ፤ ጉግል እንደ ገለጸው የሜሞሪው ፍጆታ ከ10 እስከ 13 በመቶ ገደማ ጨመረ። ለደኅንነት የተከፈለ ነውና ዋጋው ተገቢ ይመስለናል።

ሜሞሪው ሲሞላ ግን ኮምፒውተሩ መረጃን ወደ ዲስክ ማመላለስ ይጀምራል፤ ዲስክ ከሜሞሪ እጅግ የዘገየ ነው። በዊንዶውስ ላይ ክሮምን ከፍተን ሺፍትንና ኢስኬፕን አብረን ስንጫን የየፕሮሰሱ ድርሻ ይዘረዘርልናል፤ ከባዱን መርጦ ማቆም ይቻላል። የቆመው ገጽ እንደገና ሲጫን ይመለሳል፤ ሞልተን ያልላክነው ቅጽ ግን ላይመለስ ይችላል።