መርዙን አንጀት ላይ የሚያስቀሩ ባክቴሪያዎች

እ.ኤ.አ. በ1996 ሳካይ በተባለችው የጃፓን ከተማ በትምህርት ቤት ምሳ ሳቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ታመሙ። ያሳመማቸው ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ ነበር። በከብት አንጀት ውስጥ ከብቱን ሳይጎዳ ይኖራል፤ በደንብ ባልበሰለ ሥጋ፣ ባልፈላ ወተት ወይም እበት በነካው አትክልት ወደ ሰው ይተላለፋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ከዚያ የሚከፋው ግን ሺጋ የሚባለው መርዙ ነው፤ ከአንጀት አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ ኩላሊትን፣ በተለይ የሕፃናትን ኩላሊት፣ ሥራ ሊያስቆም ይችላል።

ሐኪም እጁ የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ይህን ባክቴሪያ ሲያጠቁት ጭራሽ መርዙን አብዝቶ ያመርትና ፈርሶ ይረጨዋል። ባክቴሪያው ቢኖርም መርዙ ደም እንዳይደርስ ቢደረግስ የሚለው ሐሳብ ትልቅ ተስፋ የሆነው ለዚህ ነው።

በአውስትራሊያ የአደሌድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት አድሪየን ፓተንና ጄምስ ፓተን እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት ሥራ በጣም ያስደንቀኛል። ሺጋ መርዝ ወደ ሴል የሚገባው በሴሉ ገጽ ላይ ያለ አንድ ዓይነት የስኳር ሰንሰለት ላይ ተጣብቆ ነው። እነሱም ጉዳት የማያደርስ ኢ. ኮላይ ወስደው፣ ከሌላ ባክቴሪያ ያገኟቸውን ጂኖች ጨምረው፣ የዚያን ስኳር አምሳያ በገጹ ላይ እንዲሠራ አደረጉት። መርዙ የአንጀት ሴል ዘንድ ከመድረሱ በፊት እዚያው ባክቴሪያ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ከሰገራ ጋርም ይወጣል። ሕክምናውን ያላገኙ አይጦች ሲሞቱ ያገኙት ተረፉ። በኋላ ደግሞ በፎርማልዲሃይድ የተገደለው ባክቴሪያም አይጦችን እንደሚያድን ታየ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጂኑ የተቀየረ ሕያው ባክቴሪያ ወደ አካባቢ ይወጣል የሚለውን ስጋት ያቃልላል።

ሪኬን የተባለው የጃፓን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳዩት መንገድ ከዚህ ይለያል። ጂኑ ያልተነካ፣ በሰው አንጀት የሚኖር ቢፊዶባክቴሪየም ሎንገም የተባለ ባክቴሪያ ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ ከሞት ዳኑ፤ አንጀታቸው ውስጥ የተገኘው ኦ157ም ሆነ መርዙ ግን ከሞቱት አይጦች ያነሰ አልነበረም። ያዳናቸው አሴቴት ነው፤ ባክቴሪያው ስኳር አብላልቶ የሚያመነጨው ይህ ንጥረ ነገር የአንጀትን ግድግዳ አጠናክሮ መርዙን ከደም አገደው። የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ቢፊዶባክቴሪያ አላዳነም፤ ፍሩክቶስ የተባለውን ስኳር ወደ ውስጡ የሚያስገባበት መሣሪያ ስላልነበረው በቂ አሴቴት አላመረተም።

እንግዲህ ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ) የሚል ጽሑፍ ያለበት ሁሉ እኩል አይሠራም። እርጎ ይበቃኛል ለሚልም ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ኦ157 ኮምጣጣ ነገር የሚቋቋም ስለሆነ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ራሱ ሊያስተላልፈው ይችላል። ሁለቱም ሥራዎች አይጥ ላይ የተሞከሩ ናቸው። ለሰው ሲደርሱም ጊዜ ወሳኝ ይሆናል፤ መርዙ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ አንጀት ላይ የሚጠብቅ ባክቴሪያ አይደርስበትም። ስለዚህ ተቅማጡ እንደጀመረ፣ ካልሆነም ከታመመው ልጅ ጋር አንድ ማዕድ ለቀረቡት ወንድሞቹና እህቶቹ ገና ሳይታመሙ መሰጠት ይኖርበታል።