የዛፍ ጌኮዎች እግርና የመርዙ ወሬ

ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ቆላ በሚወርደው የዋግ አገር፣ ማታ ማታ በግድግዳ ላይ የሚሳበው እንሽላሊት ከእግሩ መርዛም ሙጫ እያንጠባጠበ የረገጠውን ምግብ ሁሉ ይመርዛል የሚለው ወሬ፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ እየተላለፈ፣ ፊደል የቈጠረውን ሰው ሳይቀር ሲያስደነግጥ መስማት ትዕግሥትን ይፈታተናል። ጌኮ ከሚባለው ከዚህ እንሽላሊት ወገን መርዝ ያለው አንድ ስንኳ አይታወቅም፤ ጣቱም ሙጫ የሚያመነጭ ዕጢ የለውም።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው ከወገኖቹ መካከል ግዙፋኑን የዛፍ ነዋሪዎች የተመለከትን እንደሆነ ነው። በኒው ካሌዶንያ ደን የሚኖረው፣ ኪውቪዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1829 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት ራኮዳክቲለስ ሊቺያኑስ፣ በሕይወት ካሉት ጌኮዎች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ርዝመቱ ከ35 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ፍሬም ነፍሳትም ይበላል፤ የጅራቱም ጫፍ እንደ ጣቶቹ ይጣበቃል።

እግሩ አብልጦ የተመረመረው ግን የደቡብ ምሥራቅ እስያው ቶኬይ ጌኮ ነው። ጣቶቹ በውስጥ በኩል 6.5 ሚሊዮን ገደማ ጠጕሮችን የለበሱ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ጠጕር ርዝመቱ የሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል፣ ጫፉም በመቶዎች ወደሚቈጠሩ ረቂቃን ጠፍጣፋ ቅርንጫፎች የተከፈለ ነው፤ እነዚህም ጫፎች ወደ ዛፉ ልጥ እጅግ ስለሚቀርቡ፣ በሆላንዱ ሊቅ በቫን ደር ቫልስ ስም የሚጠራው የሞለኪውሎች መሳሳብ፣ ለብቻው ከምንም የማይቈጠር ሲሆን፣ በኅብረት ይበረታል። ኬላር ኦተምና ባልደረቦቹ በ2000 የአንዱን ጠጕር ኃይል ለክተዋል፤ ከዚያ በተነሣው ስሌት ጠጕሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢይዙ 130 ኪሎ ግራም በተሸከሙ ነበር።

እንዲህ አጥብቆ የያዘ እግር ታዲያ እንዴት ይላቀቃል? እንጀራን መላዋን ከምጣዱ ልንጠቅሽ ቢሏት ትቀደዳለች፤ ጠርዟ ተነሥቶ ሰፌድ ሲገባባት ግን ሳትታገል ትወጣለች። ጌኮውም ጣቱን ከጫፉ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲያጥፍ፣ ጠጕሩ ከረገጠው ገጽ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ ያህል እንደ ደረሰ በራሱ ይለቃል።

በሊቃውንቱ መካከል ክርክር መኖሩን ግን አልሸሽግም። ዴሊት የተባለ ጀርመናዊ በ1934 አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ጌኮን ፈትኖ በመምጠጥ ይይዛል የሚለውን አሳብ ሽሯል፤ በ2002 የወጣውም ምርመራ ውኃን በሚስብም በሚገፋም ገጽ ላይ መያዙን ስላሳየ የቫን ደር ቫልስን ወገን አበረታ። ሆኖም በ2014 የኤሌክትሪክ ሙላትም ድርሻ አለው የሚሉ ተነሡ፤ የአየር ርጥበትም ኃይሉን እንደሚለውጥ ታውቋል። በ2011 ደግሞ በእግሩ ዱካ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ቅባት ተገኝቷል፤ ይኸውም «አያያዙ ደረቅ ነው» የምንለውን ሰዎች ቃላችንን እንድንቈጥብ ያስገድደናል እንጂ የመርዙን ወሬ አይደግፍም።

ምግብን መክደን የሚገባው ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ኵሱ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ተሳቢ እንስሳት ጌኮም ሆድ የሚያውከውን ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴርያ ሊሸከም ይችላልና።