ሾፌር ሲጎዳ ቤት ይቆማል

ሰው መንገድ ሲሄድ ቤቱን ዘግቶ፣ ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ነው። ይሁን እንጂ ቤታቸውን ይዘው የሚጓዙ ሰዎችም በዓለም ላይ አሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ጡረታ የወጡ አንዳንድ ባልና ሚስት መኖሪያቸውን ሸጠው፣ አልጋና ምድጃ የውኃ ማጠራቀሚያም ያለበት ትልቅ መኪና ገዝተው፣ ዓመቱን ሙሉ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ ይኖራሉ። ኑሮው ከሩቅ ሲያዩት ያስቀናል። ነገር ግን አንድ ብርቱ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም መሪ የሚይዘው ባል አንድ ቀን ክንዱ ቢሰበር፣ ሚስቲቱም መንዳት ካልለመደች፣ ያ ቤት በማን እጅ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። መኪናው ቆመ ማለት ቤቱ ቆመ ማለት ነውና።

በእኛም አገር ቤታቸውን ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ግን ለሽርሽር የወጡ አይደሉም፤ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ናቸው። ጋቢናው መኝታቸው፣ የተሳቢው ጥላ የምሳ አዳራሻቸው ነው። በወር ውስጥ ከልጆቻቸው ጋር የሚያድሩባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ከሩቅ አገር ሳናመጣ፣ ከቆቦ ሜዳ ላይ አንሥተን ልንመረምረው ወደድን።

የራያ ቆላ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወልድያ የደረሰ መኪና ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ቆቦ ይገባል። በመካከሉ አላ ውኃን ይሻገራል፤ ጎብዬንና ሮቢትን ያልፋል። በስተ ምዕራብ የደጋው ተራሮች፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመው ይታያሉ። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ የማሽላ አገር ነው።

ሜዳው ለማያውቀው መንገደኛ ገር ይመስላል። ሾፌር ግን እንዲህ አድርጎ አያየውም። የቀትሩ ሙቀት እንቅልፍ ይጠራል። ግመልና ከብት ሳይታሰብ አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ጎሊናና ሆርማት በበጋ አሸዋና ድንጋያቸውን ዘርግተው ይተኛሉ፤ በክረምት ግን በሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደጋው ዘንቦ ድንገተኛ ጎርፍ ይዘው ይመጣሉ። ከዚህም በቀር ዋጃንና አላማጣን ካለፉ በኋላ ግራት ካሕሱ ይጠብቃል። ይህ ጠመዝማዛ ዳገት ከቆላው አውጥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ወደ ሆነችው ወደ ቆረም የሚያደርስ ነው። በሜዳ ላይ የተለማመደ እጅ ሁሉ ለዚያ ዳገት አይበቃም።

አንድ የሐምሌ ቀን

በ2009 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በዚህ መንገድ ስንጓዝ፣ ከሮቢት ጥቂት አለፍ ብሎ አንድ ተሳቢ ከመንገድ ዳር ቆሞ አገኘን። 400 ኩንታል ያህል ዱቄት ጭኖ ወደ መቀሌ የሚሄድ ነበር። ሾፌሩ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ነው። በደጋው በኩል የጠቆረ ደመና አይቶ ዱቄቱ እንዳይርስበት ሸራውን ለማጥበቅ ከጭነቱ ላይ ወጥቶ ሳለ፣ የሚስበው ገመድ ተበጠሰና ወደ ጠጠሩ ወደቀ። እኛ ስንደርስ ከጎማው ሥር ተቀምጦ፣ የተጣመመ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ይዟል። ፊቱን ላብ አጥምቆታል።

ረዳቱ ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎማ ሲፈታ፣ መኪና ሲያጥብ፣ ሌሊት ጭነት ሲጠብቅ ኖሯል።

«ጋሼ፣ እኔ ቀስ ብዬ ልንዳው። እስከ አላማጣ እኮ ሜዳ ነው። እርስዎ ከጎኔ ተቀምጠው ይንገሩኝ» አለ።

ሾፌሩ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ መንዳቱንስ ትነዳዋለህ፤ ማቆሙን ነው የማላምንህ» ሲል መለሰለት።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ሰውዬው ሕመሙ እያንገበገበው ነው። ስልኩ ይጮኻል፤ ባለ ንብረቱ ጭነቱ የት እንደ ደረሰ ይጠይቃል። አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ ልጁን ከመሪው ላይ ቢያስቀምጠው ለጊዜው ጭንቀቱ ሁሉ በተቃለለለት ነበር። ነገር ግን ያ ልጅ መንጃ ፈቃድ የለውም። ከፊቱም የገበያ ሰው፣ ተማሪና የከብት መንጋ የሚተላለፍባት ቆቦ አለች። ሾፌሩ ክንዱ ቢሰበርም አእምሮው አልተሰበረም ነበር።

በዚህ መካከል ከአካባቢው የመጡ አንድ ሽማግሌ ከልብ አዝነው ወጌሻ ለማስጠራት አሰቡ። አብሮን ይጓዝ የነበረ አንድ ተማሪ ግን በትምህርት ቤቱ የቀይ መስቀል ክበብ የተማረው ትዝ አለው። ሁለት ደረቅ የማሽላ አገዳ በልክ ቆርጦ በጨርቅ ጠቀለለና ክንዱን እንዳለ፣ ሳያቃናና ሳይጎትት ደገፈው። ከዚያም በነጠላ አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። በጣቱ ላይ የነበረውን ቀለበት ሳያብጥ አወለቀለት። የጣቶቹንም ሙቀትና ቀለም በየጊዜው ይመለከት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስገንዝብ። የወጌሻ ሙያ ከአባቶች የወረስነው ነው፤ ብዙ ሰውም ረድቷል። ነገር ግን የተሰበረ እጅ እያበጠ ይሄዳልና አጥብቆ ማሰር ደሙን ያቋርጠዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ደግሞ ይሞታል። በስብራት ብቻ ይድን የነበረ እጅ በማሰሪያው ምክንያት የተቆረጠበት ሰው በአገራችን ሐኪም ቤቶች የታወቀ ነገር ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያውን ሳይውሉ ሳያድሩ ማላላት ያስፈልጋል።

ሾፌሩን በእኛ መኪና ቆቦ አደረስነው፤ ከዚያም ለራጅ ወደ ወልድያ ተሻገረ። ሐኪሙ አጥንቱ እስኪገጥም ሁለት ወር ያህል፣ ከባድ መሪ እስኪይዝ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ነገረው። ረዳቱ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጭነቱን ሲጠብቅ ሰነበተ። የአካባቢው ሰዎች እንጀራና ውኃ አላጎደሉበትም። በአራተኛው ቀን ሌላ ሾፌር ከኮምቦልቻ መጥቶ መኪናውን አነሣው።

የቁስለኛ መንገድ

ይህ የሰሜን መንገድ ቁስለኛን ሲያመላልስ የቆየ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዶክተር ጆን ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ አምቡላንስ ከደሴ ወደ ሰሜን በካሚዮን ወጥቶ በቆረም ሜዳ ድንኳኑን ተክሎ ነበር። ሐኪሞቹ ኑሯቸውን፣ መድኃኒታቸውንና የቀዶ ሕክምና ዕቃቸውን በካሚዮን ላይ አድርገው ነበር የመጡት። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ምልክት እየታየ በጣሊያን አውሮፕላን ተደበደቡ፤ ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ሕመምተኞችም ሞቱ። ዶክተር ሜሊ ራሳቸው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሊያነሡ ሲሉ በጥይት ተመትተው ሕይወታቸው አለፈ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የተቋቋመው ያ ጦርነት ሊነሣ ሲል፣ በ1927 ዓ.ም. ነበር።

በእኛም ዘመን በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ይህ መንገድ ተቋርጦ፣ ሐኪም ቤቶች ተዘርፈው፣ ቆቦም ብዙ መከራ አይታለች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እህልና መድኃኒት ይዘው ወደ ሰሜን ከወጡት መካከል እነዚሁ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ሰው በተቸገረ ጊዜ የሚጠራቸው እነርሱን ከሆነ፣ እነርሱ በተቸገሩ ጊዜ ማን ይደርስላቸዋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስብራቱ ከክንድ ያልፋል

የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በመንገድ አደጋ የሞቱትን 1.19 ሚሊዮን ያህል ብሎ ቆጥሯቸዋል። ይህ የሞቱት ቁጥር ነው። ከቆመ መኪና ላይ ወድቆ ክንዱን የሰበረ ሾፌር በዚህ ውስጥ አይገባም። ሆኖም በቤቱ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያን ሾፌር በስልክ ስናነጋግረው ያስጨነቀው ክንዱ አልነበረም። ደመወዙ ትንሽ፣ አብዛኛው ገቢው የመንገድ አበል ነውና መኪናው ካልሄደ አበሉ የለም። «የተጻፈ ውል የለኝም፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» አለን።

በዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በተለይ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ስለ ሥራ ላይ ጉዳት ተመሳሳይ ነገር ደንግገዋል። የሥራ ውል በጽሑፍ ባለመሆኑ ብቻ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። አሠሪው ለተጎዳው ሠራተኛ የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው እንዲሰጥ፣ በቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤትም እንዲያደርሰው ግዴታ አለበት፤ የሕክምናውንም ወጪ ይሸፍናል። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት 3 ወሮች ከደመወዙ ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወሮች ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል።

ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ሾፌሩ አላወቀውም። መድኃኒት በመደርደሪያ ላይ እያለ ሕመምተኛው ስሙን ካላወቀው ምን ይጠቅመዋል? ደግሞም ክፍያው በደመወዝ ላይ የሚታሰብ ስለ ሆነ፣ ደመወዙን አሳንሶ ኑሮውን በአበል ላይ ያቆመ ሾፌር በጉዳት ቀን ትንሽ ገንዘብ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ውል ሲዋዋል አበሉን ብቻ ሳይሆን ደመወዙንም አጥብቆ መነጋገር አለበት።

በጤና ጊዜ መሰናዳት

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መንገድ ላይ የሚኖር ቤት በአንድ ሰው እጅ ብቻ መቆም የለበትም።

በመጀመሪያ፣ ረዳቱ ሁለተኛ ሾፌር እንዲሆን መንገድ ይከፈትለት። ብዙ ረዳት ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ከጣሊያን የወረስናቸውን ቃላት ከአሠልጣኝ ሳይሆን ከሾፌሩ ቁጣ ነው የሚማራቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ በሌሊት ተሰርቆ ከሚነዳ ይልቅ ተምሮና ተፈትኖ ለተሳቢ የሚሆነውን ፈቃድ ቢይዝ ለባለ ንብረቱም ይበጃል። ያ የሮቢት ረዳት ፈቃድ ቢኖረው ኖሮ ዱቄቱ ሦስት ቀን ባልቆመም ነበር። በመኪና ቤት የሚኖሩት የውጭ አገር ባልና ሚስትም ቢሆኑ መድኃኒታቸው ይኸው ነው፤ ሚስቲቱ መሪውን መያዝ ያለባት ባልዋ ጤነኛ ሆኖ ከጎንዋ ሲቀመጥ እንጂ ከወደቀ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሾፌርም ረዳትም የመጀመሪያ እርዳታ ይማሩ። የሚደማን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ስብራትን ሳያቃኑ መደገፍ፣ አንገቱን ወይም ወገቡን የተመታን ሰው ያለ ብርቱ ምክንያት አለማንቀሳቀስ፣ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት፤ ይህ ሁሉ ከጥቂት ቀን ትምህርት የሚያልፍ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በጋቢናው ውስጥ ከመኪናው ወረቀት ጋር የሾፌሩ ወረቀት ይቀመጥ። የቤተ ሰቡና የአሠሪው ስልክ፣ ያለበት ሕመም፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የውሉም ግልባጭ በአንድ ማኅደር ቢሆን፣ ሾፌሩ መናገር ባይችል ወረቀቱ ይናገርለታል።

አራተኛ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው ነገሩን በዚያው ቀን ለአሠሪው ያስታውቅ፤ የሐኪሙንም ማስረጃ ይያዝ። የቆየ ቁስል ምስክር ያጣልና።

አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ነገ በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በመንገድ ትራንስፖርት ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። አንድ እጁን በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ልብሱ ዘይት የነካው ሰው በራችሁ ላይ ሲቆም «ውልህን አምጣ» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ከማመልከቻው በስተ ጀርባ ግን ከሮቢት አጠገብ የቆመ አንድ ቤት እንዳለ አትርሱ። ያ ሾፌር በሕመሙ መካከል ስለማያውቃቸው የቆቦ መንገደኞች ሕይወት አስቦ ነበር። ለእርሱም የሚያስብለት ሰው ከወንበሩ ላይ ሊያገኝ ይገባዋል።