የ18 ዓመት ልጅ ስንት ኪሎ ያነሳል? የትስ ይሰለፋል?

አሜሪካኖች "ፉትቦል" የሚሉት እኛ እግር ኳስ የምንለውን አይደለም። የእነሱ ኳስ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ ታቅፈውትም ይሮጣሉ። ሕዝቡ ከሙያተኞቹ ሊግ ባልተናነሰ የሚወደው ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቹን ጨዋታ ነው። ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴትን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ ሺሕ በላይ ተመልካች የሚይዙ ስታዲየሞች አሏቸው። በየዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ወደነዚህ ቡድኖች ሲገቡ ጋዜጠኛውም ደጋፊውም ሁለት ጥያቄ ያነሳል። ልጁ ምን ያህል ጉልበት አለው? የትኛው ቦታ ላይስ ይሰለፋል?

እኔ ደግሞ የሕግ ሰው በመሆኔ ሦስተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ። ለልጁ ከተገባው ቃል ውስጥ በወረቀት ላይ የሰፈረው የትኛው ነው?

"እኛን ምን አገባን?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከዋሽንግተን ዙሪያ እስከ ሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች እዚያው ተወልደው የዚያውን አገር ጨዋታ እየተጫወቱ ያድጋሉ። በቅርቡ አንድ የአጎቴ ልጅ ከዚያ ደውሎ፣ "ጋሼ፣ አሠልጣኙ ቤታችን ድረስ መጥቶ ልጅህ በመጀመሪያው ዓመት ይሰለፋል አለኝ፤ ምን ትመክረኛለህ?" ሲል ጠየቀኝ። ለእሱ የመለስኩለትን ሰፋ አድርጌ ላቅርበው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጉልበት። በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚሰለፉት ከየወገኑ 11 ናቸው፤ ሥራቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ኳሱን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ ነው። ታቅፎ የሚሮጠው ራኒንግ ባክ፣ የተወረወረውን የሚቀበለው ሪሲቨር ይባላል። ከፊት ተደርድረው ተጋጣሚን በአካላቸው የሚያግዱት አምስቱ ላይንማኖች ናቸው። በትልልቆቹ ቡድኖች አንድ ላይንማን 136 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 115 ኪሎ ሆኖ እኩዮቹን ሁሉ ሲያንከባልል የኖረ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው አራት ዓመት ሙሉ ብረት ሲያነሳ የቆየ የ22 ዓመት ጎልማሳ ነው። በ18 እና በ22 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በስሜት ወይም በወኔ የሚሸፈን አይደለም።

ጉልበት የሚለካበት ታዋቂ ፈተና አለ። ሙያተኛው ሊግ፣ ማለትም ኤንኤፍኤል፣ በየዓመቱ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚያካሂደው መመዘኛ ተጫዋቹ በጀርባው ተጋድሞ 102 ኪሎ ብረት ያለማቋረጥ ስንት ጊዜ እንደሚገፋ ይቆጠራል። የዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎችም በዚሁ ዓይነት ቁጥር ሲወደሱና ሲነቀፉ ይሰማል። ነገር ግን ይህ ፈተና የሚለካው የደረትና የክንድን ኃይል ነው። ሜዳ ላይ ሰውን ገፍቶ የሚያስለቅቀው ጉልበት በአብዛኛው የሚመነጨው ከጭንና ከዳሌ ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጉልበት በሥልጠና የሚመጣ ነው፤ ያውም ከፍተኛው ጭማሪ የሚታየው ልጁ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ፍጥነት ግን ከጉልበት ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይሻሻልም። ቁመትና የክንድ ርዝመት ደግሞ ጨርሶ በሥልጠና አይገኙም። ስለዚህ ልምድ ያለው አሠልጣኝ የሚመርጠው የማይሠለጠነውን ነው። ዛሬ ብዙ ኪሎ ከሚያነሳው አጭር ልጅ ይልቅ ገና ሥጋ ያልያዘውን ረጅምና ፈጣን ልጅ ሲወስድ ወላጅ ቢገረም አይፈረድበትም፤ አሠልጣኙ ግን የሚያየው ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሆነውን ነው።

ለዚህም ነው ቶሎ የመሰለፍ ዕድል እንደ ቦታው የሚለያየው። አዲስ ገቢዎች በዋናው ቡድን እንዲጫወቱ በአጠቃላይ የተፈቀደው በ1972 ነው። በ1980 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው ኸርሼል ዎከር በመጀመሪያ ዓመቱ 1,616 ያርድ ሮጦ ቡድኑን ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት አብቅቷል፤ ቦታው ራኒንግ ባክ ነበር። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ የአላባማው አዲስ ገቢ ቱዋ ታጎቫይሎአ በፍጻሜው ጨዋታ ከእረፍት በኋላ በኳርተርባክነት ገብቶ ቡድኑን አሸናፊ አድርጓል። ፍጥነት፣ ዓይንና ውሳኔ በሚጠይቁ ቦታዎች ወጣትነት ያን ያህል አይጎዳም። በላይንማንነት ግን ወረፋው ረጅም ነው። "ሬድሸርት" የሚባለው አሠራር ለዚህ ያገለግላል፤ ልጁ አንድ ዓመት እየተለማመደ ይቆያል፣ የመጫወቻ ዓመቱ ግን አይቆጠርበትም። በ2018 የወጣው ደንብ እስከ አራት ጨዋታ ቢሰለፍም ያ ዓመት እንዳይቆጠርበት ፈቅዷል። "ልጄን ሬድሸርት አደረጉት" ብሎ የሚያዝን ወላጅ ይህን ቢያውቅ ሐዘኑ ይቀልለታል።

ወደ ቦታው ጥያቄ እንምጣ። ልጁ የገባበት ቦታ የሚወጣበት ላይሆን ይችላል። ሌን ጆንሰን በቴክሳስ አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ኳርተርባክ ነበር። ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቦታውን ደጋግመው ቀየሩበት፤ በመጨረሻ ላይንማን ሆኖ በ2013 የኤንኤፍኤል ምርጫ አራተኛ ተመራጭ ሆነ። ጄሰን ኬልሲ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የገባው ያለ ስኮላርሺፕ ሲሆን፣ ራኒንግ ባክ ሆኖ ጀምሮ በዘመኑ ከታወቁት ላይንማኖች አንዱ ለመሆን በቅቷል። እነዚህ የተሳካላቸው ናቸው፤ ስማቸውን የምናውቀውም ስለተሳካላቸው ነው። ቦታው ተቀይሮበት፣ ኪሎ ጨምር ተብሎ ጨምሮ፣ በመጨረሻም ሳይሰለፍ ትምህርቱን የጨረሰውን ልጅ ማን ይጽፍለታል? የልጁ ምርጫ ሳይሆን የቡድኑ ክፍተት ነው ቦታውን የሚወስነው።

ጉልበትን በጥድፊያ ማምጣትም ዋጋ ያስከፍላል። በጃንዋሪ 2011 የአይዋ ዩኒቨርሲቲ 13 ተጫዋቾች ከእረፍት እንደተመለሱ በተሰጣቸው ከባድ የብረት ልምምድ ምክንያት የጡንቻ መፍረስ ደርሶባቸው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ደግነቱ ሁሉም አገግመዋል። በሜይ 2018 መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የ19 ዓመቱ ላይንማን ጆርዳን ማክኔር በሩጫ ልምምድ ላይ በሙቀት ተጎድቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፈ። በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ሕይወት አድን ሕክምና መሆኑ እየታወቀ አልተደረገለትም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ተቋማቸው የሕግና የሞራል ኃላፊነት እንደሚወስድ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ወላጅ "ልጄን ስንት ኪሎ ታደርሱታላችሁ?" ከማለቱ በፊት "ልጄ ሲወድቅ ማን ያነሳዋል? ሐኪሙስ ልምምዱን የማስቆም ሥልጣን አለው?" ብሎ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በ1972 የሰሜን ካሮላይና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ያቀረበውን ክስ ተመልክቶ ነበር። ልጁ የትምህርት ውጤቱ ስለወደቀ ልምምድ አቆመ፤ ውጤቱ ከተሻሻለ በኋላም ወደ ቡድኑ አልተመለሰም። ዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፑን አቋረጠ። ቤተሰቡ "ጨዋታው ከትምህርቱ ጋር ከተጋጨ ጨዋታውን መተው እንደሚችል በቃል ተነግሮናል" ብሎ ተከራከረ፤ ተረታ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1992፣ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ክስ ላይ ጠቃሚ መርህ አስቀመጠ። "ትምህርቱ ጥራት አልነበረውም" ብሎ በጥቅሉ መክሰስ አይቻልም፤ ዩኒቨርሲቲው በግልጽ የገባውን የተለየ ቃል ካፈረሰ ግን በውል ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ቁም ነገሩ "በግልጽ" እና "የተለየ" በሚሉት ቃላት ላይ ነው። "ልጅህ ይሰለፋል" የሚለው የሳሎን ወሬ ከሁለቱም አይመደብም።

ልጁ ቦታው ባይስማማው በቀጥታ ወደ ሙያተኛው ሊግ ልሂድ ቢልም በሩ ዝግ ነው። ኤንኤፍኤል ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሦስት ዓመት ያልሞላውን አይቀበልም። በመጀመሪያ ዓመቱ ኦሃዮ ስቴትን ሻምፒዮን ለማድረግ የረዳው ሞሪስ ክላሬት ይህን ደንብ ከስሶ በሥር ፍርድ ቤት ረትቶ ነበር፤ በ2004 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረበት። ስለሆነም ለሦስት ዓመት የልጁ አካልም ቦታውም በዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ እጅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዘመኑ ለተጫዋቹም መልካም ነገር አምጥቷል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተማሪው በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾች መክፈል ጀምረዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ ለሁሉም ስፖርት ተጠቃሎ በአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ያው ስምምነት ግን የፉትቦል ቡድንን ብዛት በ105 ገድቧል። በዚያ ላይ ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እንደ ልብ መዛወር በመቻላቸው፣ አሠልጣኙ ሁለት ዓመት ጠብቆ ከሚያሳድገው የ18 ዓመት ልጅ ይልቅ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን የ22 ዓመት ተጫዋች ቢመርጥ አያስደንቅም። ገንዘቡ በዝቷል፤ የአዲስ ገቢው ወንበር ግን ጠብቧል።

ለአጎቴ ልጅ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር። በልጅህ ቦታ ላይ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለና ስንተኛ ዓመት ላይ እንደሆኑ ቁጠር። ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ይሁን ለአራት፣ ቢጎዳ ወይም ቦታው ቢቀየር ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። ከተጎዳ ሕክምናውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ እስከ መቼም እንደሚከፍል እወቅ። የስምና የምስል ውል ካለ የእዚያ አገር ጠበቃ ሳያነበው አይፈረም። ደግሞም ጋባዡ አሠልጣኝ ነገ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ስለሚችል፣ ልጅህ ያለ ኳስ ቢሆንም ሊማርበት የሚወደው ትምህርት ቤት መሆኑን አረጋግጥ።

አበው "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። የልጁ ጉልበት በጊዜው ይመጣል፤ ቦታውንም አሠልጣኙ ይወስናል። በወላጅ እጅ የቀረው ወረቀቱ ነው፤ እሱን ሳያነብ አይፈርም። ቸር እንሰንብት።