አሮጊቷ ላንድሮቨር በየስንት ቀኑ መነዳት አለባት?

ስሙኝማ! አንድ ነገር ገብቶኝ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ሳይቀዘቅዝ ልንገራችሁ። ስለ መኪና ምንም አታውቁም? በጣም ጥሩ። ለዚህ ወሬ መኪና ቤንዚን እንደሚጠጣ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አርባ ሃምሳ ዓመት የሞላት መኪና ያለው ሰው በየስንት ጊዜው ቢነዳት ይሻላል? ለብዙ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ አርጅታለች፣ ትረፍ። ሸራ ትልበስ፣ ጥላ ሥር ትቁም፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሞተሯ እንዳይደርቅ አምስት ደቂቃ ተነስታ ትጥፋ። ነገሌ ቦረና ላይ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ግን ይህን ሲሰሙ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ነገሌን፣ ያቤሎንና ሞያሌን የሚያውቅ ሰው እነዚያን አሮጌ ላንድሮቨሮች ሳያይ አልቀረም። አፍንጫቸው ጠፍጣፋ፣ መስታወታቸው ቀጥ ያለ፣ ጣሪያቸው ላይ ጀሪካንና ከረጢት፣ ከኋላ ደግሞ ጉልበት ለጉልበት የተጋጠመ ሰው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። ሲሪስ ሦስት የምትባለው፣ ከእነዚያ ከጥንቶቹ የመጨረሻዋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ተሠርታለች። ታናሿ እንኳ አርባ ዓመት ሞልቷታል ማለት ነው። ግን ትሠራለች! ጠዋት ትነሳለች፣ ሰው ትጭናለች፣ ማታ ትገባለች፣ ነገም እንደዚያው።

ጋራዥ ስል ግቢ ማለቴ ነው፤ አንድ የግራር ጥላ፣ ዘይት የጠገበ መሬት፣ አጥሩ ጥግ ላይ አንድ ጎሚስታ። ሁለት ላንድሮቨሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ሞተራቸው አንድ ዓይነት ነው። አንደኛዋን ባለቤቷ ከአባቱ ወርሷታል። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ወንበሯ ላይ አቧራ የለም። ወደ ጋራዥ ካልሆነ ከባለቤቷ ግቢ አትወጣም፤ በሳምንት አንዴ ለአምስት ደቂቃ ተነስታ ትጠፋለች። ሁለተኛዋ ያን ዕለት ጠዋት ከገጠር ሰው ጭና የገባች ናት። የኋላ በሯ በሽቦ ታስሯል፣ ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበረ አይታወቅም።

«ጋሼ፣ የትኛዋ ናት ጤነኛዋ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የዘይቱን ክዳን ክፈትና ራስህ እይ።»

ከፈትኩ። የለፊዋ ክዳን ከሥሩ ጥቁር ነው፣ ስስ ዘይት ለብሷል፣ ሌላ ምንም የለበትም። የቆንጆዋን ስከፍት ግን ከክዳኑ ሥር ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ ቡናማ ቅባት ተጋግሮ ይዟል። በጣቴ ጠረግኩት፤ ተለጠጠ። ዘይትና ውሃ ተመትተው የሠሩት ነው አሉኝ። ውሃ? ጣሪያ ሥር የምትቆም፣ ዝናብ የማይነካት፣ ክዳኗ የጠበቀ መኪና ውስጥ ውሃ ከየት ይመጣል?

ያዙኝ! ከቤንዚኑ ነው የሚመጣው።

ቤንዚን ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኛል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ምንም አይደሉም፣ ውሃ ናቸው። ስንት ውሃ መሰላችሁ? አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። አዎ፣ ሊትር በሊትር! እኔም «እንዴት ሊሆን ይችላል» ብዬ ነበር፤ የውሃው አብዛኛው ክብደት ከአየር የተወሰደ ኦክስጅን መሆኑን ሳውቅ ነው ልቤ ያረፈው። ጠዋት መኪና ሲነሳ ከማርሚታው ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ አይታችሁት አታውቁም? እሱ ነው።

አብዛኛው እንፋሎት በማርሚታው ይወጣል፣ ስለሱ አንጨነቅም። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ዳር ዳር ሾልኮ ቁልቁል ወደ ዘይቱ ቤት ይገባል። ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ገና ያልሞቀ ብረት ከሆነ እዚያው ጠብታ ይሆናል። እንጀራ የጋገረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ምጣዱ በቅጡ ሳይግል አክንባሎው ከተደፋበት ከሥሩ ያልበውና ጠብታው እንጀራው ላይ ይወርዳል። ምጣዱ ሲግል ግን እንፋሎቱ በአክንባሎው ዳር ዳር እየተነነ ይሄዳል፣ እንጀራውም ይደርቃል። ሞተሩ ምጣድ፣ ክዳኑ አክንባሎ! አምስት ደቂቃ የተነሳ ሞተር ውሃውን ይሠራል፣ ለማባረር የሚያስፈልገው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ግን ይጠፋል። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ውሃ ይጨመርበታል። በዚያኛውም እንደገና። ውሃው ከቃጠሎው ትርፍራፊ ጋር ሲዋሃድ ደግሞ አሲድነት ያመጣል፤ ውስጥ ያለውን ልሙጥ ብረት ቀስ እያለ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ቁልጭ ያለልኝ። ለደግነት ተብሎ የሚደረገው የአምስት ደቂቃ ማስነሳት ጭራሽ ካለማስነሳት ይብሳል! ባለ ሽቦዋ ላንድሮቨር ንጹሕ የሆነችው ስለታደለች አይደለም፤ በየቀኑ ዘይቷ እስኪግል ስለምትሄድ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መርፌ መሃል ላይ ሲደርስ «በቃ ሞቀ» እንላለን። መርፌው የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ነው፤ ዘይቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚግለው። ስለዚህ መርፌው ከተነሳ በኋላም ቢያንስ ሃያ ደቂቃ መሄድ ያስፈልጋል፣ ያውም ቆሞ በማጓራት ሳይሆን ማርሽ እየቀያየሩ፣ ሞተሩ ሥራ እየሠራ። ነገሌ ላይ ከሆናችሁ ገበያውን መዞር አይቆጠርም። ወደ አዶላ በሚወስደው መንገድ ከከተማ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ሄዶ መመለስ ይቆጠራል። ይህን በየሳምንቱ፣ ቢበዛ በየሁለት ሳምንቱ ያደረገ ሰው አሮጊቷን ጠበቃት ማለት ነው።

ይህ ከገባችሁ ሌላው ራሱ ይከተላል። ባትሪው፦ ሞተር ማስነሳት ብዙ ይወስድበታል፣ ዳይናሞው መልሶ እስኪሞላው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ አምስት ደቂቃ ባትሪን ኪሳራ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። (ቆላ ላይ በሙቀቱ ምክንያት ዝም ብሎ የተቀመጠውም ቶሎ ይወርዳል።) ጎማው አንድ ቦታ ሲቆም በተኛበት በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። ቤንዚኑ ደግሞ ቀላል ቀላሉ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ የካርቡራተሩ ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ጥቂት ዝቃጭ ይዘጋቸዋል።

ፍሬኑ ላይ ግን ቆም ልበል፤ ይሄኛው ያስፈራልም ያስደንቃልም። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ውሃ ወዳድ ነው፣ እርጥበትን ከአየር እየሳበ ያጠራቅማል። ያ ውሃ የቆመች መኪና ውስጥ ጎማ ሥር ያለችውን ትንሿን የፍሬን ፒስተን ያዝጋታል፣ አንድ ቀን ትነክስና አትንቀሳቀስም። በየጊዜው ፍሬን የሚረግጥ ሰው ፒስተኗን እያንቀሳቀሰ ዝገቱ ቦታ እንዳይዝ ያደርጋል። ነገር ግን መንዳት ብቻውን ውሃውን አያወጣውም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። እግር ፔዳሉን ይረግጣል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም! የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ቆላ ገብቶ ደጋ የሚወጣ ሰው ይህን ባይረሳ ደስ ይለኛል።

ቆላው ራሱም እጁ አለበት። ደረቅ አየር ነው፣ የመኪናን አካል አይበላም። ላንድሮቨር ደግሞ ከጅምሩ ሌላ ዕድል አላት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በኮታ ይሰጥ ስለነበር አካሏን በአልሙኒየም ሠሩት፤ ችግር የወለደው አልሙኒየም ዛሬም አይዝግም። ሻንሲዋ ግን ብረት ነውና ከሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። አቧራውስ? የድሮዋ ላንድሮቨር ሞተሯ የሚተነፍሰው አየር ዘይት በተቀመጠበት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አልፎ ነው የሚገባው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ወረቀት የለ፣ የሚገዛ ዕቃ የለ፣ ከፍቶ አጥቦ አዲስ ዘይት መጨመር ብቻ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

   

አሁን ደግሞ ሳቅ የሚያመጣው ክፍል። ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አለ፣ ፊቫ ይባላል፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ታሪካዊ መኪና የሚለው 30 ዓመት የሞላትን፣ እንደ ጥንቷ ተጠብቃ የቆየችውን፣ ደግሞም ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማታገለግለውን ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ ሰማችሁ? በየቀኑ የምትሠራዋ የነገሌ ላንድሮቨር በዚህ መለኪያ ከታሪካዊ መኪና ተራ ወጣች! እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋቸውና ብዙ ያልተለወጡ መኪኖች ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ሆነዋል፤ አንዱ ምክንያት ባለቤቶቻቸው እየተንከባከቡ ጥቂት ስለሚነዷቸው ነው። እኛ ዘንድ ዕድሜ ምሕረት አያስገኝም፤ ቦሎ በየዓመቱ ነው።

በእኔ ፍርድ የፊቫ ሰዎች አንድ ቀን ከዚያ የግራር ጥላ ሥር ቢቀመጡ ሐረጓን እንደገና ያስቡባት ነበር። እነሱም ግን እውነት አላቸው፤ ሥራ መኪናን ያድናታል እንጂ እንዳለች አያቆያትም። ባለ ሽቦዋ ላንድሮቨር ውስጥ ያልተቀየረ ዕቃ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። ባለቤቷ ግን የሚያስበው ስለ ቅርስ አይደለም፣ ስለ ነገ ጭነት ነው። ሌላ መግዛትም ቀላል አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችው ትነዳለች፣ ትጠገናለች፣ ትነዳለች።

የውሃው ነገር ከገባኝ ወዲህ አሮጌ መኪና ሳይ ቀድሞ የማስበው የምትሄደውን ርቀት ነው። የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ይህን ያህል ዘመን የሠሩት፣ ቀኑን ሙሉ ሲመላለሱ ሞተራቸው ስለማይቀዘቅዝ ጭምር ነው። አዲስ አበባ ግን ብዙ ቮልስዋገን ከፒያሳ አራት ኪሎ ሄዳ ትቆማለች፤ በብርዱ ጠዋት ይህ ውሃ ማጠራቀም ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው የተወሰዱባት ቮልስዋገንስ? ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት እስከ አራተኛ ክፍለ ጦር ያለው መንገድ ዘይት አያሞቅም።

መንዳት የማይቻልበት ጊዜ ቢመጣስ? ያኔ ጨርሶ አታስነሷት። ዘይቷን ቀይሩ፣ አሮጌው ውሃውንና አሲዱን ይዞ ይውጣ። ቤንዚን ሙሉላት፣ ጋኑ ውስጥ እርጥብ አየር ቦታ እንዳያገኝ። የባትሪውን ሽቦ ፍቱ፣ ጎማውን ነፍታችሁ በጉማጅ ላይ አሳርፏት፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። እሑድ ጠዋት አጎታችሁ ለአምስት ደቂቃዋ ቁልፍ ሲያነሱ ካያችሁ ደግሞ ወይ ቁልፉን ደብቁባቸው፣ ወይ አብራችኋቸው ተሳፍራችሁ ከከተማ ይዛችኋቸው ውጡ።