የአትክልቱ እንግዶች

በወላይታ ዞን በቤሌ ከተማ የጓሮው ዱባ ሲያብብ ልዩ ልዩ በራሪዎች ይመጣሉ። ባለቤቱም መነደፍን ፈርቶ ሁሉንም በጢስ ሊያባርር ይነሣል። እኛ ግን አስቀድሞ መለየት ይገባል እንላለን።

ንብ ጠጕራም ናት፤ የአበባውን ዱቄት በኋላ እግሯ ትሸከማለች፤ ሰውን ከነደፈች ትሞታለች። ተርብ ወገቡ ቀጭን፥ ጠጕሩም ጥቂት ነው፤ ደጋግሞ ይነድፋል። ነገር ግን ብዙው ተርብ አትክልት የሚያጠፋውን ትል አድኖ ልጆቹን ይመግብበታል። ጣዝማ ትንሽ ናት፤ አትናደፍም፤ ማሯም ለመድኃኒት ይፈለጋል። ንብን መስሎ በሁለት ክንፍ ብቻ የሚበርረው ዝንብ ነው፤ እርሱም አይነድፍም፤ ንብ አራት ክንፍ አላት።

የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ስለ ሆነ፥ መልእክተኛ ካላገኘ ፍሬ አይይዝም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ከተርብ ቤት አርቁ፤ ተነድፎ ትንፋሽ ያጠረውን ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱ፤ በአበባ ላይ ያለውን ግን በሰላም ተዉት።